የራስሽን አምጪ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ገብቼ ሳላስነጥስ የወጣሁበት ቀን የለም። ሌላው ሰው አገሩ ሲገባ ዓይኑ ነው እንባ የሚያቀረው፤ እኔን ግን አፍንጫዬ ይቀድመኛል። ባለፈው ሰሞን ከደሴ ፒያሳ በባጃጅ መጥቼ ገና እግሬ መሬት ሳይነካ፣ የእትዬ ዘይነባ ወፍጮ ቤት በርበሬ እየፈጨ ኖሮ ሽታው ፊት ለፊት ተቀበለኝ። እጥሽ! እጥሽ! ሻንጣዬን መያዝ እንኳ አቃተኝ።

"የርሃሙኪላህ! ጉንፋን ነው እህቴ?" አለኝ ባጃጅ ነጂው።

"ጉንፋን አይደለም፣ ሰፈሬ ነው" አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

አፍንጫዬን እየጠረግኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ማሽኑ ተቀይሯል፣ አግዳሚ ወንበሩም አዲስ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ያቺ ወፍራም ሚስማር እንዳለች አለች። እሷን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ዞር ዞር ብለው አዩኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ፤ ያቺ ሚስማር ለእኔ ተራ ሚስማር አይደለችም። እናቴ ሠርግ ቤት ከጓዳ የወጣችው በእሷ ሰበብ ነው።

ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት የወፍጮ ቤት ተራ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። እማ ለሱቆች ዳቦ ትጋግር ስለነበር ከቤታችን ስንዴ አይጠፋም፣ እኔም ከወፍጮ ቤት አልጠፋም። በጋ ገብቷል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እስከ ረፋድ ድረስ ደሴ ላይ ይተኛል፤ ከቤት ስወጣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው የጆንያውን አፍ መጨበጥ ያቅታቸዋል። ወፍጮ ቤቱ ግን ይሞቃል። ከማሽኑ የሚወርደው ዱቄት ትኩስ ነው፤ ፈጪው ፊቱን ሲያዞር እጄን እስከ ክርኔ ድረስ እከተው ነበር። እስካሁን ከዚያ የበለጠ ሙቀት አላገኘሁም።

እዚያ ነው ጋሽ እንድሪስን ያወቅኳቸው። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት የእትዬ ዘይነባ ወንድም ናቸው። ኮምቦልቻ ሥዕልና የእጅ ሥራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡና እህታቸው ዘንድ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ጥቁር ይሁን ነጭ በዱቄቱ ምክንያት የማይለይ ሰው። ጠዋት ጠዋት አንድ የተሰበረ ነገር ይዘው ይመጡና ሚስማሯ ላይ ይሰቅሉታል። አንድ ቀን የተበጠሰ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ቀን የጃንጥላ አጥንት፣ አንድ ቀን እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ።

እኔ የሚሸጡ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ በደሴ ከተማ እንደሳቸው ገበያ ያልቀናው ነጋዴ የለም ብዬ አንጀቴ ይበላ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን የጎረቤታችንን ልጅ "ሂጂና ዋጋውን ጠይቂያቸው፣ ደስ ይበላቸው" ብዬ ልኬያታለሁ።

ነገሩ ሌላ ነው። የማሽኑ የጎማ ቺንጋ ሲግል ፈጪው እስኪቀዘቅዝ ያቆመዋል። ያኔ ያ ሁሉ ጩኸት ቀጥ ይልና ጆሯችን ጭው ይላል። ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ሚስማሯ ይጠቁማሉ።

"የዛሬው ምን ይሆናል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተውም አያርፉም?" ይሏቸዋል ሴቶቹ።

"ስቀበር አርፋለሁ። አሁን መልሱልኝ።"

ያን ቀን የተሰቀለው ማንቆርቆሪያው ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከእኛ አጥር ጀርባ ያሉት ሰፌድ ሰፊዋ፣ "አበባ ይተከልበታላ" አሉ።

"ይሄ የሁሉም ነው፣ ጣይው።"

"እሺ፣ ጨው ይቀመጥበታል።"

"ይሄ የጎረቤትሽ ነው፣ መልሽላት። የራስሽን አምጪ።"

"ከየት ላምጣው? እኔ እንጃ!"

"እንጃ" ማለት ግን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ክልክል ነው። "እንጃ" ያለ ሰው መጥረጊያ አንስቶ የተበተነውን ዱቄት ይጠርጋል። እትዬ ጥሩወርቅ እያጉረመረሙ ጠረጉ፤ "እኚህ ሰውዬ ነጻ ሠራተኛ አገኙ" እያሉ። በሳምንቱ ግን አንድ ሰፌድ ደረታቸው ላይ ደግፈው መጡ። ዙሪያው ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ስንነካው ይንሸራተታል። ልጃቸው የጣለውን አሮጌ ካሴት ሆዱን ዘርግፈው፣ ክሩን ከአክርማው ጋር ሰፍተውታል። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አገላበጡት። ጋሽ እንድሪስ አንድም የሙገሳ ቃል አልተናገሩም፤ ሰፌዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው መለሱላቸውና "ይሄ የማን ነው?" አሉ።

"የእኔ!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። እንዲያ አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አሁን የእማን ነገር ልንገራችሁ።

እኛ ሰፈር የሠርግ ደንብ አለ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዘጋል። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ግጥም አውራጅ ወጥተው በር ላይ ይገጥማሉ። ታዲያ የወረደችው ግጥም አዲስ ከሆነች ሰዉ "ትኩስ!" ብሎ ይቀበላታል። ከዚህ በፊት የተሰማች ከሆነች ግን፣ አላህ ያውጣችሁ፣ መንደሩ በሙሉ "ያደረች ናት!" ብሎ ይጮህባታል፣ ልክ እንደ ትናንት ዳቦ።

የቤተሰባችን አውራጅ የእማ አክስት እመት ከድጃ ነበሩ። የሠርግ በር ላይ ሲቆሙ ማንም አይችላቸውም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሁሉም ዓይኑን እማ ላይ ጣለ፣ እሳቸው እጅ ነዋ ያደገችው። በቀደመው ዓመት የአጎቷ ልጅ ስታገባ ገፍተው ገፍተው በር ላይ አቆሟት። እማ የእመት ከድጃን ግጥም በሙሉ በቃሏ ታውቃለች። ከሁሉም የምታምረውን መርጣ አወረደች።

"ያደረች ናት!" አለ ሰዉ።

ሌላ አወረደች። እሷም የእመት ከድጃ ናት። "ያደረች ናት!" ከዚያ በኋላ እማ አፏን ከፍታ ቆመች፤ ምንም አልወጣም። የሙሽራው ወገን አውራጅ ይሄን ጊዜ ጣለባት፦

"ቤቱ በሰው ሞልቶ መልስ የሚሰጥ ጠፋ፣
ሙሽሪትን ስጡን፣ ሰው ሳያንቀላፋ።"

የሳቁ ብዛት! እኔ ከእማ ቀሚስ ጀርባ ነበርኩ፤ ቀሚሱ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ሠርግ ቤት ከጓዳ አትወጣም። ሽንኩርት ልክተፍ ትላለች፣ ድስት ልጠብ ትላለች። መንደሩም አልማራትም። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ "ፋጤ፣ ይሄ አላደረም አይደል?" እያለ ይስቅባታል። እማም አብራ ትስቃለች። ሰዉ ሲወጣ ግን ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞር ነበር። ያኔ ጭሱ ያስለቀሳት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በጋ የእማ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሃያት፣ ለኮምቦልቻ ልጅ ታጨች። ደስታው ሳይበርድ ወሬ ተከትሎ መጣ፦ ለሙሽራው ወገን የሚያወርዱለት አክስቱ የደጋኗ እመት ሩቂያ ናቸው። የእመት ሩቂያን ስም ያልሰማ የለም። ከደጋን እስከ ደሴ የተዘጋ በር አልመለሳቸውም ይባላል።

"ዲጄ እናመጣለን" አለ እኛው ቤት የሚኖረው የእማ ወንድም አጎቴ ሁሴን። "ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በር ላይ እንደረድራለን፤ ማን ከማን ጋር ይገጥማል? የአምናው ይበቃናል።"

"እኔ ዲጄ አልፈልግም" አለች ሃያት። እማን ነው የምታየው። "እህቴ ናት እኔን የምትሸኘኝ። ባዶ በር ላይ ልታስወጡኝ ነው?"

"ሃያትዬ፣ ተይኝ" አለች እማ። "አፍ የለኝም እኮ።" ሊጥ የነካ እጇን እየጠራረገች ወጣች። ሃያት አለቀሰች፤ አጎቴ ሁሴን ለዲጄው ደወለ።

እንዲህ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው እማ እኔን ፍለጋ ወፍጮ ቤት የመጣችው። ዱቄቱ ከተፈጨ ቆይቷል፤ እኔ ግን ጨዋታው ጣፍጦኝ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ቀርቻለሁ። ሚስማሯ ላይ ቂጡ የወለቀ የቆርቆሮ ባልዲ ተሰቅሏል፣ ሴቶቹ እየተንከተከቱ ነው። እማ በሩን በርግዳ ገባች።

"አንቺ ልጅ! እርሾዬ ፈልቶ ከዕቃው ሊወጣ ነው፣ አንቺ እዚህ ሠርግ ትበያለሽ?" ጆሮዬን ያዘችው።

"ፋጡማ፣ እንኳን መጣሽ" አሉ ጋሽ እንድሪስ ፈጠን ብለው። "ይሄ ምን ይሆናል?"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ እን—"

ቤቱ በሙሉ "መጥረጊያ!" አለ። እማ ምን እንደነካን አልገባትም፤ ትልቅ ሰው ስለሆኑ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት መጥረጊያውን አነሳች። ስትጠርግ የጆሮዋ ጫፍ ቀልቷል። ሌሎቹ ቀጠሉ። ጭስ ማውጫ ይሁን፤ የሁሉም ነው። ጫጩት ይከደንበት፤ የጎረቤት ነው። እማ ድንገት መጥረግ አቆመች። የምታየው ባልዲውን አይደለም፣ እኔን ነው።

"መጥሪያ ይሆናል" አለች።

"የምን መጥሪያ?"

"ይቺን ልጅ ነዋ! ቤቴ ቁጭ ብዬ በዚያ ቀዳዳ የምጠራበት። እግሬ አለቀ እኮ፣ ጋሼ!"

ሴቶቹ ሆዳቸውን ያዙ። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። ባልዲውን ከሚስማሯ አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጧት። "ጥሪያት እስቲ" አሉ።

እማ መጀመሪያ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ ባልዲውን አፏ ላይ ደቅና "መዲናአአአ!" አለች። አጃኢብ! ድምፁ ከቆርቆሮ ጣሪያው ጋር ተላትሞ ተመለሰ፣ ከማገሩ ላይ የስንት ዘመን ዱቄት ረገፈብን። ፈጪው ከጓሮ "ምን ፈረሰ?" እያለ እየሮጠ መጣ። እኔ አፍንጫዋ ሥር ቆሜ "አቤት!" አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እማ ግን ባልዲውን ገልብጣ ውስጡን ታይ ነበር፣ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ የምትፈልግ ነው የምትመስለው።

ባልዲውን ይዛው ሄደች። ጋሽ እንድሪስም አልከለከሏት።

ከዚያ በኋላ እማ ታመመች። ማለቴ፣ ለእኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ብቻዋን ታወራለች። ሽንኩርት ስትልጥ ሽንኩርቱን ታነጋግራለች፤ ሊጥ ስታቦካ በሊጡ ምት ታጉረመርማለች፤ ከዚያ ዝም ትልና "አይ፣ ይሄ የሁሉም ነው" ብላ አየሩን በእጇ ታባርራለች። ከዚያ ትስቃለች። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጂን ይዟት ነው ብዬ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አየተል ኩርሲይን እቀራላት ጀመር። አንድ ጠዋት ጓሮ የተሰጣ ልብስ ፊት ቆማ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"የሁሴን ሸሚዙ እጁን ዘረጋጋ፣
ጌታው ተኝቶ ሳለ ሸሚዙ ሲተጋ።"

እውነት ነው፣ አጎቴ ሁሴን ገና አልተነሳም ነበር። ሸሚዙ በብርዱ ደርቆ ሁለት እጁን ዘርግቷል። እማ ለሸሚዝ ግጥም እየሰጠች ለብቻዋ ትንከተከታለች! ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ? ጫማዬን በትክክል ሳላደርግ ወፍጮ ቤት ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ እማ ታማለች! ብቻዋን ታወራለች፣ ትስቃለች!"

ጋሽ እንድሪስ እንደ ሐኪም ዝቅ ብለው አዩኝ። "የምትስቀው ከማውራቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

አሰብኩ። "በኋላ።"

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "ድናለች።"

ሕክምናም ያውቃሉ ማለት ነው ብዬ ተገረምኩ።

ሴቶቹ ሲሰሙ ሥራ ፈጠሩላት። ቺንጋው በጋለ ቁጥር እማን ወንበሩ ላይ ያቆሟታል፣ አንዷ የሆነ ነገር ትጠራለች፣ እማ ግጥም ታወርዳለች። አንዳንዱ ያምራል፣ አንዳንዱ ይወላገዳል፣ አንዳንዱ ቤት አይመታም። ሌሎቹም መሞከር ጀመሩ። ስለ ፈጪው ቅንድብ እንኳ ስንት ተገጠመ መሰላችሁ! እማ አጎቴ ሁሴንን "ዲጄውን ተወው" ልትለው ቆርጣ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ እትዬ ጥሩወርቅ "እኔ እመት ሩቂያ ነኝ" ብለው ጆንያ እንደ ድቤ ከበሮ አንግተው በሩ ላይ ተኮፈሱ። ወፍጮ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ እነሱ የሙሽራ ወገን፣ እኛ የሙሽሪት። እትዬ ጥሩወርቅ አወረዱ፣ እማ አፏን ከፈተች፣ አንዲት ያማረች ግጥም ፍስስ ብላ ወጣች። ልናጨበጭብ ስንል እትዬ ጥሩወርቅ ጆንያውን ዝቅ አደረጉ።

"ፋጤ" አሉ ቀስ ብለው። "ይቺ እኮ የእመት ከድጃ ናት።"

እማ ጆንያ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ዱቄት ከእንባዋ ጋር ተለውሶ ሊጥ ሆነ። "በቃ፣ ሁሴን ዲጄውን ያምጣ" አለች። "እኔ የሰው ግጥም ማስቀመጫ ነኝ። ከእኔ የሚወጣው ሁሌም ያደረ ነው።"

 ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። ያን ቀን ነው ሲቆጡ ያየኋቸው።

"መጥረጊያ!" አሉ።

"ጋሼ፣ አሁን—"

"መጥረጊያ አልኩ! 'እንጃ'ን በሌላ ቃል መናገርሽ ነው።" እማ እያለቀሰች መጥረጊያውን አነሳች። እሳቸው አጠገቧ አብረው ሄዱ። "ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። እመት ከድጃ ቀድመው ቢመጡ ምን ነውር አለው? አሳደጉሽ እኮ! ሰላም በያቸውና አሳልፊያቸው። ከኋላቸው ሌላም ይመጣል፣ እሱንም አሳልፊው። ከሁሉም ኋላ የቆመችው ማን ናት? ባልዲ አለሽ አይደል? እሷን ጥሪያት።"

"እርስዎ አንዲት ግጥም ቢሰጡኝስ?"

"እኔ? እኔን ቢገድሉኝ ግጥም አይወጣኝም።" ሞከሩም፤ ሙሽራን ከምን ጋር ቤት እንደሚያስመቱት ጠፍቷቸው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ "መጥረጊያ!" አሏቸው። እማ ከነእንባዋ ሳቀች። ጋሽ እንድሪስም ጠረጉ።

የሠርጉ ቀን ጥር ውስጥ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ከሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ በኩል የሰርገኛው ጥሩንባ ሲሰማ እኛ ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለናል። ሚኒባሶቹ ደረሱ። ኮምቦልቻዎች እንደሚሞቀው አገራቸው በስሱ ለብሰው ነው የመጡት። እመት ሩቂያ ግዙፍ ናቸው፣ የወርቅ ጥርስ አላቸው፣ ድቤያቸው ከሆዳቸው ላይ ተቀምጧል። አጎቴ ሁሴን በሩን አስዘጋና ለዲጄው በእጁ ምልክት ሰጠ። ድምፅ ማጉያው ሲለቀቅ አጥሩ ተንቀጠቀጠ። እመት ሩቂያ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ንቀት ነበር። ሃያት ከውስጥ በመጋረጃው ሽንቁር ታያለች፣ ኩሏ ሊወርድ ነው።

እማ ከጓዳ ወጣች። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ማንንም ሳታማክር ቀጥ ብላ ዲጄው ጋ ሄደች።

"ወንድሜ፣ አጥፋው።"

"ፋጡማ!" አጎቴ ሁሴን ክንዷን ያዛት። "በአላህ! እንደ አምናው አታዋርጂን!"

"ሁሴን፣ አብሽር" አለችው። ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። ዲጄው አጠፋው። እንደ ወፍጮ ቤቱ ጆሯችን ጭው አለ።

እመት ሩቂያ ድቤያቸውን መቱ።

"ሐረጎን ወጥተናል፣ መኪናው አቃስቶ፣
ምነው ደሴ ዝም አለ፣ እንግዳ በር ሞልቶ?"

"ትኩስ!" አለ ሰዉ። ዓይን ሁሉ ወደ እማ ዞረ። እማ ዝም። እኔ ከአጥሩ ላይ ከንፈሯን አየዋለሁ፤ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። እመት ከድጃን ሰላም አለቻቸው፣ አሳለፈቻቸው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አጎቴ ሁሴን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እማ አሁንም ዝም። ዓይኗ ሰርገኛውን ከላይ እስከ ታች ቃኘና ሙሽራው ላይ አረፈ። እሱ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ በደሴ ብርድ ጥርሱን ያንገጫግጫል።

"መኪናስ ያቃስት፣ ዳገት ስለወጣ፣
ሙሽራው ቆሞ ሳለ መንቀጥቀጥ ምን አመጣ?"

 ከዚያ ከወደ ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ "ትኩስ!" አለ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከዚያ መንደሩ በሙሉ "ትኩስ! ትኩስ!" አለና እልልታው ቀለጠ። ሙሽራው ራሱ እጁን ከብብቱ አውጥቶ አጨበጨበ። እመት ሩቂያ የወርቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ ለካ እሳቸውም የሚገጥማቸው ሰው ርቧቸው ኖሯል።

"ብርዱን ለናንተ ትተን ልጅቷን እንውሰዳት፣
ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው፣ ከእንግዲህ አይበርዳት።"

እማ አልቸኮለችም።

"ፀሐዩ ካማረ ውሰዱና አኑሯት፣
ቂጥ አልባ ባልዲ አለኝ፣ ከከፋት የምጠራት።"

የወፍጮ ቤቷ ሴቶች ይሄን ጊዜ አበዱ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እያውለበለቡ ዘለሉ። ኮምቦልቻዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ "የምን ባልዲ ነው?" እያሉ። እኔ ቤት ሮጬ ባልዲውን አመጣሁ፤ አጥሩ ላይ ወጥቼ "ይሄ ነው! ይሄ ነው!" አልኩ። ሃያት ከመጋረጃው ጀርባ ሙሽራነቷን ረስታ እልል አለች።

እመት ሩቂያ ድቤውን መቱ፣ መቱ፣ ስለ ሙሽሪት ዓይንና ስለ ኮከብ አንዲት አወረዱ። ሕፃን ሁሉ የሚያውቃት ናት። እኛ አጥር ላይ ያለነው ልጆች ቀደምን፦ "ያደረች ናት!" እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ የድቤያቸውን ጠፍር ከአንገታቸው አውጥተው፣ ሰዉን እየገፉ መጥተው የእማ አንገት ላይ አጠለቁላት።

"ውሰጂ፣ የኔ እህት። ዛሬ የአንቺ ነው። እባክሽ ክፈቺልን፣ በረደን።"

እማ ድቤውን በሽንኩርት እጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረች፣ ወደነዚያ ዳቦ ሲገዙ ወደሚስቁት፣ ወደ አጎቴ ሁሴን፣ ወደ ሁላችንም።

"በር ክፈቱ በሉኝ፣ አሁን እከፍታለሁ፣
አምና ያንቀላፋሁ ዘንድሮ ነቅቻለሁ።"

በሩን በራሷ እጅ ከፈተችው። አጎቴ ሁሴን እንደ ሕፃን እያለቀሰ ያጨበጭባል። እኔ ባልዲውን አፌ ላይ ደቅኜ "እማአአ!" አልኩ በሙሉ ድምፄ፤ ዞራ አየችኝና ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት። ጋሽ እንድሪስ ካፖርታቸውን እያራገፉ፣ ዓይናቸው ውስጥ ዱቄት የገባ ይመስል ደጋግመው ያሹት ነበር። ሰርገኛው ገባ፣ ሰዉ ተቀመጠ፣ ድንኳኑ ሞላ። እማ ግን ድቤውን አላወረደችም፤ ለሚዜዎቹ አወረደች፣ ለወጥ ሠሪዎቹ አወረደች፣ ለሙሽራው እናት አወረደች፣ ሰዉም አልጠገበም።

ምሳ ሊቀርብ ሲል ዲጄው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋ።

"እትዬ፣ አሁን ልክፈተው?"

"ቆይ ወንድሜ" አለችው እማ፣ ድቤውን እያስተካከለች። "የራሴ ገና አሁን መምጣቱ ነው።"